የኋላው ጋቢና

ጥቅምት 8፣ 2016

ሃዋኒ ደወለች። ጉዴ ፈላ! ስሜ ራሱ ጉዴ ስለሆነ ይህን አባባል አልወደውም፣ ዛሬ ግን ሌላ ቃል አጣሁ። የምትሠራበት መርከብ አራት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ወላጆቹን በነጻ እንዲጋብዝ ይፈቅዳል አሉ። ለአንድ ሳምንት። ከዱባይ ተነስቶ ባሕሩን ዞሮ ዱባይ ይመልሳል። ጥር ውስጥ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ።

«እናንተ የምትመርጡት ክፍሉን ብቻ ነው እማዬ» አለችኝ።

ፈይሳ ከወንበሩ ሲነሳ የሻይ ብርጭቆውን ደፋው። ባሌ ሠላሳ ዓመት ከአምቦ እጃጂ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው የቴሌቪዥኑን ሪሞት ብቻ ነው። እንዲህ ፈጥኖ ሲነሳ ካየሁት ቆየሁ።

«ጋቢና ውስጥ ልጅ ያለው ሰው እንዲህ ነው!» አለ። «ኢንታላ ኮ! ልጄ ከካፒቴኑ ጎን፣ እኛ ከኋላዋ!»

ይህ የጀመረው ሃዋኒ ሥራ በገባች በመጀመሪያው ቀን ነው። ደውላ «ካቢን ላይ መደቡኝ» አለችን። በሾፌር ቤት ካቢን ማለት ጋቢና ነው፣ ጋቢና ማለት ደግሞ ከመሪው ጎን ያለው የክብር ቦታ ነው። ፈይሳ የዚያኑ ቀን ለመናኸሪያው ሁሉ አወራ። እኔ ደግሞ የአማርኛ መምህርት ነበርኩና ለሰፈሩ «የካፒቴኑ ረዳት» ብዬ ተረጎምኩላቸው። ስሙ በዚያው ጸና።

ጥቅምት 9

አፌን ከፍቼ ዋልኩ። ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው ልዩ (ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት) በኮምፒውተሯ መርከቡን አሳየችን። መርከብ ሲባል ሳስበው የኖርኩት የኖኅን ዓይነት ነበር። ይኼ ግን የአምቦን ቤት ሁሉ ሰብስበው አንዱን ባንዱ ላይ የደረደሩት ነው።

ክፍሎቹ የፊት፣ የጎንና የኋላ አሉ። የኋላው የራሱ በረንዳ አለው። ሁለት ወንበር ተቀምጦበታል። ከወንበሮቹ ባሻገር መርከቡ የሄደበት መንገድ ነጭ ሆኖ እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቷል። ሌላ ምንም የለም። ቤትም፣ ሰውም፣ አጥርም።

«ይኼን!» አልኩ። ሳላስበው ነው የጮኽኩት።

«ዱባ? ዱባ?» አለ ፈይሳ።

ልዩ ኦሮምኛ ገና አልለመደችም። «ጋሼ፣ የምን ዱባ ነው?» አለችው። በኦሮምኛ ዱባ ማለት ኋላ ማለት ነው ብዬ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልሳቀም።

«ከኋላ ያለው አቧራ ነው» አለ። «ሠላሳ ዓመት ያስነሳሁትን አቧራ አሁን ቁጭ ብዬ ልየው?»

«ባሕር ላይ አቧራ የለም» ብለው ምን ይሰማል።

ጥቅምት 10

ተጣላን። ጠዋት ተጀምሮ ከገበያ ስመለስም አላለቀም። ሽማግሌ ከፊት ነው የሚቀመጠው አለኝ። ከኋላ የሚቀመጥ በግ የጫነ ሰው ነው፣ ይንጣል፣ ያስታውካል አለኝ።

«በአንተ ጋቢና ውስጥ ስንት ሽማግሌ ተቀመጠ?» አልኩት። «እኔ የማስታውሳቸው ሽቶ ሽቶ የሚሸቱ ሽማግሌዎች ናቸው።»

ሪሞቱን አነሳ። እውነቴን ነዋ! በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦኝ አያውቅም። «አንቺ የቤት ሰው ነሽ፣ ጋቢናው የእንግዳ ነው» ይለኝ ነበር። የቤት ሰው ከኋላ፣ የድንች ጆንያ ጭኑ ላይ አድርጎ። እንግዲያው አሁን ከኋላ መቀመጥን እኔ ነኝ የማውቀው፣ የኋላውን የምመርጠውም እኔ ነኝ።

ጥቅምት 14

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ሃዋኒ ደወለች፣ ምስሏ እየተቆራረጠ። የኋላውን መረጥኩ ብላት ፊቷ ተለወጠ።

«እማዬ፣ የኋላውን ተዪው። ሞተሩ ከሥር ነው፣ ይንቀጠቀጣል። የፈለግሽውን ምረጪ፣ እሱን ብቻ ተዪው።»

እንደ ሁልጊዜዋ እየሄደች ነው የምታወራው። ጎማ ያለው ነገር አብሯት ሲንሲያጠጥ ይሰማኛል። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ጮኻ ጠራቻት፣ እሷም «የስ ማዳም፣ የስ ማዳም» አለች። «አሁን መሪው ላይ ማን አለ?» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። ጣቶቿ እንደገና ተሰነጣጥቀዋል። የባሕር ጨው ነው ትለኛለች። በመስኮት ይገባል ማለት ነው። ቫዝሊን ተቀቢ አልኳት።

ለምን እንዲህ ከኋላው ሸሸች? በእኛ አፍራ ይሆን? የእኔን ነጠላ፣ የአባቷን አካሄድ አይተው እንዳይስቁባት?

ጥቅምት 17

ልዩ እዚያ መርከብ ላይ የተጓዙ ሰዎች የጻፉትን አነበበችልኝ። የኋላውን ሁሉም አወድሰውታል። ጸጥ ያለ ነው፣ በረንዳው ሰፊ ነው፣ ማታ ማታ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይለመዳል ይላሉ።

«ስለ ጋቢናውስ ምን ይላሉ?» አልኳት።

«የቱ ጋቢና?»

«ካፒቴኑ ያለበት። ካቢኑ።»

«እትዬ ጉዴ፣ የካፒቴኑ ቦታ ሌላ ስም አለው። በመርከብ ካቢን የሚሉት ይኼንን የመኝታ ክፍል ነው። ይሄ ሁሉ ካቢን ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም» አለችና አየችኝ። ከዚያ ሻይ ጥጃለሁ ብላ ወደ ክፍሏ ሄደች።

አንድ ቃል ብዙ ፍቺ ይኖረዋል። ለልጆቹ ሳስተምር የኖርኩት ነው። «ገና» በዓል ነው፣ ጨዋታ ነው፣ «ገና ነኝ» ማለትም ይሆናል። ካቢንም እንዲሁ ነው። ቃል ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጥቅምት 18

ራስ ምታት። ምንም አልሠራሁም።

ጥቅምት 20

ጎረቤታችን ቢሊሴ መጣች። ነገር እንደ ሽንኩርት መላጥ የምትወድ ሴት ናት። በረንዳ ያለው ክፍል መረጥኩ ብላት «አራት ዓመት ሠርታ በረንዳ አዳሪ ልታደርግሽ ነው?» ብላ ሳቀች። ወደ ኋላ የሚያይ ነው ስላት ደግሞ አማተበች። «የሎጥ ሚስት ምን ሆነች? ጨው አይደል እንዴ የሆነችው? በዚያ ላይ ባሕሩ ራሱ ጨው ነው!»

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «ለመሆኑ ጋቢናው ውስጥ ስንት ሆነው ነው የሚሠሩት?» አለችኝ።

«ጥቂት ናቸው» አልኳት። ምላሴ አልተደናቀፈም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 27

ፈይሳ ለቅሶ ቤት ነበር፣ ሃዋኒ ደወለች፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ልጠይቃት አላሰብኩም ነበር። ላማችን ስለወለደችው ጥጃ ነገርኳት፣ ስለ ኔትወርኩ አማረርኩ፣ ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረው።

«የኋላው ያንቺ ነው እንዴ?»

ጎማው መንሲያጠጡን አቆመ። መተላለፊያው መሐል ቆማ ታየችኝ። በሁለቱም ጎን በር ብቻ ነው፣ በር፣ በር፣ በር። ከጎኗ ፎጣና አንሶላ የተከመረበት ጋሪ።

«አዎ እማዬ። የመጨረሻው ኮሪደር የእኔ ነው። ሁሉንም የማጸዳው እኔ ነኝ።»

ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት።

«የመጀመሪያ ቀን እኮ ነግሬያችኋለሁ» አለች። «ካቢን አልኳችሁ። አባዬ ‹ጋቢና!› ብሎ ሲጮኽ፣ እንደዚያ ሲደሰት ሰምቼው ስለማላውቅ ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ስደውል መናኸሪያው በሙሉ ተነግሮት ጠበቀኝ። እንዴት አድርጌ ላውርደው?»

ከዚያ የምትፈራውን ነገረችኝ። የኋላውን ከያዝን ጠዋት ጠዋት በራችንን የምታንኳኳው እሷ ናት። አባቷ ከተኛበት አልጋ አንሶላ የምትገፈው፣ ሽንት ቤቱን የምታጥበው እሷ ናት። የፊቱን ከያዝን ግን ሌላ ልጅ ናት የምትመጣው፤ እሷ ከሥራ ስትወጣ ልብሷን ለውጣ ታገኘናለች። «አባዬ ከጋሪው ጋር እንዳያየኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

እሺ አልኳት። መምህርት ነኝ እያልኩ! ቃል ስፈታ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ እያልኩ! የጣቶቿን ስንጥቅ እያየሁ ቫዝሊን ስመክር!

ኅዳር 2

የፊቱን ክፍል ያዢልን ብዬ ነገርኳት። ለፈይሳ «ልክ ነህ፣ ሽማግሌ ከፊት ነው» አልኩት። ደስታው ልክ አጣ። አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ። ደግሞ ይስመኛል!

ኅዳር 12

የሚካኤል ማኅበር ቢሊሴ ቤት ነበር። ፈይሳ ከጠላው ትንሽ ቀመስ አድርጎ አንደበቱ ተፈታ። ድሮ አብሮት ይነዳ የነበረው ደቻሳ «ኦቦ ፈይሳ፣ እዚያ ስትደርስ ካፒቴኑ አንድ ጊዜ መሪውን ያስጨብጥህና ፎቶ ተነሥተህ አምጣልን» አለው። «ልጄ እያለች መሪ ይከለክለኛል?» አለ የእኔው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ።

ቢሊሴ እኔን ነበር የምታየው። «ግን በአራት ዓመት ሃዋኒ ከመሪው ጋር አንድ ፎቶ አልላከችም አይደል?» አለች፣ ዳቦ እያቀረበችልኝ።

«ክልክል ነው» አልኩ።

ዳቦውን በነጠላዬ ጠቀለልኩት። ለልጄ ብዬ ነው የምዋሸው እላለሁ። ለእሷ ብዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊቴ እንዲህ ባልጋለ። የምታጸዳ ልጅ አለችኝ ለማለት ማን ከለከለኝ? ሰው ቤት አጽድታ ያሳደገችኝ እናት አልነበረችኝም እንዴ? እሷን ባነሳሁ ቁጥር ደረቴን ነፍቼ ነው። የልጄ ሲሆን ምን ሆንኩ?

ኅዳር 19

ተናገርኩት። አምላኬ፣ ተናገርኩት።

ሃዋኒ ደወለችና ፈይሳ ስልኩን ከእጄ ነጠቀ። «ለካፒቴኑ ንገሪልኝ» አላት። «አባቴ ሾፌር ነው በዪው። ጋቢናው ውስጥ አንቺ መሐል፣ እኔ ከዳር።» እሷ «እሺ አባዬ፣ እሺ» ትላለች፤ ድምጿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ። «ምነው ሥራሽን የምታፍሪበት ትመስያለሽ?» ብሎ ተቆጣት። «እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጠሽ! ኮራ በዪ እንጂ!»

አላስቻለኝም። ከምድጃው ዞር አልኩና «ጋቢና ውስጥ አይደለችም! አልጋ ነው የምታነጥፈው! የሰው ሽንት ቤት ነው የምታጥበው! ተዋት!» አልኩ።

ስልኩ ውስጥ «እማዬ» የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ ተቋረጠ። እሷ ትዝጋው፣ ኔትወርኩ ይውሰደው አላውቅም።

ፈይሳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «መቼ አወቅሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ሁለታችሁ አውቃችሁ፣ እኔን መሪ ስታስጨብጡኝ ነበር» አለ። ጃኬቱን ደርቦ ወጣ።

ኅዳር 20

አልገባም። ስልኩ ዝግ ነው። ደቻሳ ጠዋት መናኸሪያ አይቶታል፣ ወንድሙ ጋ ሸነን ገጠር ልሄድ ነው ብሎታል። ሰው በሚታገትበት በዚህ ጊዜ! ባለፈው ሳምንት ብቻ ስንት ሰው ነው ከመንገድ ላይ የቀረው! የሥላሴ ያለህ።

ሃዋኒ ትደውላለች። ደኅና ነው አልኳት። ምን ልበላት?

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ እሱ ብቻ ለመንኩ። ሸነን ኔትወርክ የለም ይላሉ። መንገዱ ክፍት ነው የሚል አለ፣ ዝግ ነው የሚልም አለ።

የገዛ ምላሴ።

ኅዳር 22

ቢሊሴ ሳታንኳኳ ገባች። ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፣ ሮጣ ነው የመጣችው። ሞተ ልትለኝ ነው ብዬ ግድግዳውን ያዝኩ።

«አዴ ጉዴ፣ ኦቦ ፈይሳ ከመሄዱ በፊት መናኸሪያ ላይ ያለውን ሰማሽ?»

ትናንት ነው ከደቻሳ የሰማችው። ፈይሳ ሾፌሮቹና ረዳቶቹ ቁርስ በሚበሉበት ቤት ገብቶ ቆመ። «ስሙ» አለ። «ልጄ ጋቢና ውስጥ አይደለችም። የመርከብ መኝታ ቤት ነው የምታጸዳው። እስከ ዛሬ ያወራሁላችሁ እኔ ያልገባኝን ነው፣ እሷ አልዋሸችም።» ከዚያ ተራ አስከባሪው የሸነኑ መኪና ላይ ጋቢናውን ሊሰጠው ቢል እንቢ ብሎ መጨረሻ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

እኔ በሰፈር ፊት እንዳይወድቅ አንድ ወር ሙሉ ደግፌ የያዝኩትን ነገር እሱ ለቁርሰኞች ተናግሮት ሄደ!

ቢሊሴ ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «የእኔም ልጅ እኮ ቤይሩት የምታጸዳው ቤት ነው» አለች። «ነርስ ናት ያልኩሽን እርሺው።» ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። ለካ ቤቱ ሁሉ የራሱ ጋቢና አለው።

ኅዳር 24

መጣ! በእግዚአብሔር እጅ ነው የመጣው። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፣ ፊቱ ገርጥቷል። ልሰድበው የቋጠርኩት ሁሉ ጠፋኝና ውኃ አሞቅኩለት።

«አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላም አለኝ፣ እንደ እንግዳ ሰው። እግሩን እየታጠበ «ከኋላ ሲታይ መንገዱ ሌላ ነው» አለ። «ሰው መሪ ላይ ሆኖ የሚመጣው እንጂ የቀረው አይታየውም።» በልቶ ተኛ።

ኅዳር 25

ከሰዓት በኋላ «ደውዪላት» አለኝ። ፈራሁ። ልጄን ሊጎዳት ነው ብዬ ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ደግሞ «ደውዪላት» አለኝ።

ሃዋኒ አነሳች። ፊቷን አላሳየችም፣ የምናየው ጣሪያ ብቻ ነው።

«ሃዋኒ፣ የኋላውን ያዢልን» አለ ፈይሳ።

«አባዬ፣ የኋላው እኮ…»

«አውቃለሁ። ያንቺ ነው። ለዚያ ነው የመረጥኩት።»

ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ «ባሕሩን ታዪዋለሽ?» አላት። በአራት ዓመት ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም ነበር።

«መጋረጃ ስከፍትላቸው አየዋለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል እሄዳለሁ። የእኛ የሠራተኞቹ መኝታ ከውኃው በታች ነው አባዬ፣ መስኮት የለውም።»

ያ ዋቃ! ከውኃ በታች! ልጄ አራት ዓመት ከውኃ በታች ስትተኛ እኔ አምቦ ላይ ሆኜ ከካፒቴኑ ጎን አስቀምጫታለሁ!

«እንግዲያው ስሚኝ» አለ ፈይሳ። «ጠዋት አንኳኩተሽ ግቢ። ጋሪሽን ይዘሽ። በሩን ከኋላሽ ዝጊው። በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አለ አይደል? አንዱ ላይ ቁጭ በዪ። ክፍሉን እኔና እናትሽ እንሠራዋለን።»

«አይፈቀድም አባዬ! ከሥራ ያባርሩኛል!»

«በሩ ተዘግቶ ማን ያየናል?»

ከጣሪያው ሥር የሆነ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ከዚያ ስልኩ ዞረና ፊቷን አየሁት። ጥርሷ ይታያል፣ ጉንጯ ርሷል። እናት ሆኜ አሁንም አልለየሁትም።

ታኅሣሥ 3

ከቅዳሴ ስመለስ ፈይሳ መኝታ ቤት ውስጥ ቆሟል። አንሶላው በእጁ ነው። የታመመ መስሎኝ ክው አልኩ።

«ጠርዙን ከፍራሹ ሥር እንዴት ነው የምትከቺው?» አለኝ። «አሳዪኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ይወጣብኛል።»

አንዱን ማዕዘን አሳየሁት። ቀሪዎቹን ራሱ ሠራ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል መሬት ነካ፣ በሌላው በኩል አጠረ። ትራሱን በግልባጩ አስቀመጠው። ወገቡን ይዞ ቀና አለና አልጋውን ብዙ ጊዜ አየው።

«በቀን ስንቱን ነው እንዲህ የምታነጥፈው?» አለኝ። መልስ አልጠበቀም፣ ወጣ።

ላስተካክለው ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ተውኩት፣ እንደተጣመመ። ዛሬ እዚያው ላይ ነው የምንተኛው።